በሆድሽ የያዝሽው አለ?

የአያቴን የዶን ኤውሴቢዮን ስም ዛሬ በብራውንስቪል የማያውቅ የለም። ከሂዩስተን ስድስት ሰዓት ሙሉ ነድቶ የሚመጣ ሰው አለ። በአውራ ጎዳናው ዳር ባለው ምግብ ቤት፣ የአያቴ ፎቶ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ቁጭ ብሎ፣ በእንፋሎት ድስት የተቀቀለ የከብት ጉንጭ በበቆሎ ቂጣ ጠቅልሎ ይጎርስና «የጥንቱ ባርባኮዋ ይሄ ነው!» ይላል። ይበላ፤ ሆዱ ይወቀው። እኔ ግን የጥንቱን አውቀዋለሁ። የጥንቱ ከእኛ ቤት ጓሮ፣ ከመሬት ሥር ነበር የሚወጣው። ያንን ያጠፋሽው አንቺ ነሽ ተብዬ ነው ያደግሁት።

ጉድጓዱ የሰው ቁመት ያህል ጥልቀት ነበረው። ዙሪያው በጡብ የተገነባ ነው፤ ጡቡም የአርባ ዓመት ጭስ ጠጥቶ ጠቁሯል። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ አያቴ የሜስኪት ግንድ ይሞላበትና ይለኩሰዋል። ሜስኪት እሾሃም ዛፍ ነው፤ ጭሱ ይጣፍጣል፣ ፍሙም ቶሎ አይከዳም። አክስቴ ኦፌሊያ በበኩሏ የሚበስሉትን የላም ራሶች በገንዳ ታጥባለች፤ ምላሳቸውን በብሩሽ ስትፈትግ ያያት ሰው ልጆቿን ለትምህርት ቤት የምታዘጋጅ ይመስለው ነበር። ልጅ ግን አልነበራትም፤ አላገባችም። ወደ አሥር ሰዓት ግድም ነበልባሉ ይወርዳል። ያኔ ጨው ብቻ የተነሰነሰበት ራስ በእርጥብ ጆንያ ይጠቀለልና በሽቦ ይታሰራል። አጎቴ ታቾ በረጅም ሜንጦ እያንጠለጠለ አንድ በአንድ ያወርደዋል። በላዩ ቆርቆሮ፣ በቆርቆሮው ላይ አፈር። ከዚያ በኋላ እስከ እሁድ ንጋት ማንም አይነካውም።

እሁድ ጎህ ሲቀድ ሰው ከየቤቱ ድስቱን ይዞ በራችን ላይ ይሰለፋል። አንዱ ጉንጭ፣ አንዱ ምላስ ይላል። ዓይን የሚወዱት ሽማግሌዎች ከሁሉም ቀድመው ይመጣሉ፤ ከአንድ ራስ ሁለት ዓይን ብቻ ስለሚወጣ በወረፋው የሚጣሉትም እነሱ ናቸው። ከሩቅ ከተማ የመጡት መኪናቸው ውስጥ አድረው አፋቸውን ሳይታጠቡ ይሰለፋሉ። ስጋው ከአጥንቱ ላይ በማንኪያ ይነሳ ነበር።

ከመክደኑ በፊት ግን አንድ ነገር አለ። እኛ ዘንድ በንዴት የተከደነ ነገር አይበስልም። ባርባኮዋም ይሁን ሊጡ በበቆሎ ቅጠል የሚጠቀለለው ታማሌ፣ አጠገቡ የተናደደ ሰው ከቆመ ጥሬውን ያድራል። ይህን የማያምን ሰው በሰፈራችን አላውቅም፤ ቄሳችንም ያምኑ ነበር። ስለዚህ አያቴ አካፋውን ከማንሳቱ በፊት በጉድጓዱ ዙሪያ የቆምነውን እያንዳንዳችንን ዓይን ዓይናችንን እያየ ይጠይቃል።

«በሆድህ የያዝከው አለ?»

ያለበት ሰው ወይ አውጥቶ ይናገራል፣ ወይ የአካፋው ድምፅ እስኪቆም ድረስ ወጥቶ መንገድ ላይ ይቆማል። ነውር የለበትም። አያቴ ራሱ አንድ ቅዳሜ ወጥቶ ቆሟል። አክስቴ ኦፌሊያ የጎረቤታችን አውራ ዶሮ ችግኟን ጭሮ ስለጨረሰባት አምስት ቅዳሜ በተከታታይ መንገድ ላይ ቆማለች።

«ኦፌሊያ፣ ዛሬም ጉድጓዱ አባረረሽ?» ይላታል በመኪና የሚያልፈው ሁሉ።

«አንተ መኪናህን ንዳ! ሚስትህ ብትሆንማ አልጋዋን እዚሁ መንገድ ላይ ታነጥፍ ነበር!»

እኔ ሚኔርቫ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በጸሎተ ሐሙስ ዕለት እናቴና አባቴ በሰው ጢም ባለ የጭነት መኪና ተሳፍረው ወደ ሰሜን፣ ወደ ሚሺጋን ሄዱ፤ እንደየዓመቱ የሰው እርሻ ላይ ፍሬ ሊለቅሙ። በየዓመቱ አብሬያቸው እሄድ ነበር። ያን ዓመት ግን «ትምህርትሽን ጨርሺ» ተብዬ ከአያቴ ዘንድ ቀረሁ። ታናሽ ወንድሜን ኔስቶርን ይዘውት ሄዱ። ኔስቶር ከመኪናው ላይ ሆኖ ምላሱን አወጣብኝ። እናቴ «አትናደጂ የኔ ልጅ፣ ፍሬው ሳያልቅ እንመጣለን» አለችኝ። የቱ ፍሬ እንደሆነ እንኳ አልነገረችኝም። መኪናውን እስከ ጥጥ መዳመጫው ድረስ በሩጫ ተከተልኩት፤ ከዚያ በኋላ አቧራው ብቻ ቀረ። ሦስቱንም ጠላኋቸው። እንደዚያ ዓይነት ጥላቻ በሕፃን ሆድ ይገባል ብሎ የሚያስብ ካለ ልጅነቱን ረስቷል።

በማግሥቱ አጎቴ ታቾ ጨው ሊገዛ ሲሄድ «ነይ፣ ቤት ውስጥ አትንፋረቂ» ብሎ መኪናው ውስጥ አስገባኝ። ታቾ የአባቴ ታላቅ ነው። ቀልደኛ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ይወደዋል፤ እኔም በጣም እወደው ነበር። ሱቁ ደጃፍ ላይ ነጭ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ጠበቀንና በመስኮቱ ላይ ተደገፈ።

«ሽማግሌው ምን አለ?» አለ ሰውየው።

«ያው ነው። ‹እኔ እያለሁ ጉድጓዱ አይሞትም› ይላል።»

«ከተማው አዲስ ጉድጓድ መቆፈር ከልክሏል። የድሮው ግን ጥፋት እስካልተገኘበት ይቀጥላል።»

«እሱን መቼ አጣሁት።»

«ታዲያ አንድ እሁድ ይበቃላ።»

አጎቴ ወደ እኔ ዞር አለ። «ልጅቷ እየሰማች ነው።»

«ልጅ ምን ታውቃለች» ብሎ ሰውየው ሳቀልኝ።

ያወቅሁት መስሎኝ ነበር። አያቴ ወገቡን ያመው ነበር፤ እሁድ ከሰዓት በኋላ ከወንበሩ የሚነሳው በሰው ድጋፍ ነው። አጎቴ ለአባቱ አንድ እሁድ ዕረፍት ሊለምንለት ነው ብዬ አሰብኩ። በመንገድ ላይ ክንዱን ተደግፌ ተኛሁ። ባለ ነጭ ባርኔጣው በብረት ድስት በእንፋሎት ቀቅሎ የሚሸጥበት ቤት ሊከፍት እንደሆነ፣ ሰው ግን የአያቴን ጉድጓድ ትቶ ወደ እሱ እንደማይመጣ፣ አጎቴም በዚያ ቤት እኩል ድርሻ እንደሚኖረው ቃል እንደተገባለት የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔም ቢሆን አንዱን ከሌላው አላገናኘሁትም። ጥፋተኛዋ ተገኝታለች፤ ሌላ ማን ይፈለጋል?

ቅዳሜ ሠላሳ ራስ ወረደ። ለፋሲካ ነውና ከዚያ በፊት ያን ያህል አውርደን አናውቅም። የፍሙ ሙቀት ፊቴን ይለበልበኝ ነበር። አያቴ ባርኔጣውን አውልቆ መጠየቅ ጀመረ።

«ኦፌሊያ፣ በሆድሽ የያዝሽው አለ?»

«የለም። ለባለ ዶሮዋም ይቅር ብያለሁ። ለፋሲካው ብዬ ነው እንጂ ለሷ ብዬ እንዳይመስልህ።»

«ታቾ፣ በሆድህ የያዝከው አለ?»

«የለም አባባ» አለ አጎቴ። ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።

ወደ እኔ ሲመጣ ጎንበስ አለ። ዓይኔ ከሁለት ቀን ለቅሶ አብጦ ነበር። «ሚኔርቫ፣ በሆድሽ የያዝሽው አለ?»

አዎ ብል መንገድ ላይ መቆም ሊኖርብኝ ነው። መንገዱ ደግሞ ያ መኪና የሄደበት መንገድ ነው። እዚያ ብቻዬን ቆሜ ያንን አቧራ ማየት አልፈለግሁም።

«የለም አባባ» አልኩ።

እጁን አናቴ ላይ አደረገ። «ደግ» አለና አካፋውን አነሳ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ለዋዜማው ጸሎት ቤተ ክርስቲያን ሄድን። አጎቴ «ውሻ እንዳይቆፍረው እኔ እጠብቃለሁ፤ በኋላ እደርሳለሁ» ብሎ ቀረ። የደረሰው ሻማው ሁሉ ከተለኮሰ በኋላ ነው። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል፤ ጫማው ጭቃ ነው።

«የት ወድቀህ ነው?» አለችው አክስቴ በሹክሹክታ።

«ጸሎቱ እንዳያመልጠኝ ብዬ ቦዩን አቋርጬ።»

ከኋላችን የነበሩት ሴቶች አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቁ። እኔ ግን ልቤ ተነካ፤ ለጸሎት ሲል ውሃ ውስጥ የሚገባ ሰው! ሻማዬን አጋራሁት። ከቤታችን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲኬድ ቦይ የለም። ቦዩ በተቃራኒው በኩል፣ ከጓሮው አልፎ ነው። ይህን በዘጠኝ ዓመቴም አሳምሬ አውቀው ነበር፤ በየቀኑ እጫወትበት የነበረ ቦይ ነው። ግን የሚወዱትን ሰው ማን ይጠረጥራል?

የፋሲካ ዕለት ንጋት ላይ ወረፋው እስከ መንገዱ መታጠፊያ ደርሶ ነበር። ከፊት የቆመችው ዶኛ ክሬሴንሲያ ናት፤ ልጇ ሩቤን የወታደር ልብሱን ለብሶ ከጎኗ ቆሟል። በማግሥቱ ወደ ቬትናም ይመለሳል። ድስቷን በሁለት እጇ አቅፋ «ለሩቤን ምላስ፣ ሙሉውን ምላስ» እያለች ለሚሰማትም ለማይሰማትም ትናገር ነበር።

ጓሮ ውስጥ አፈሩን ጠረግን፤ አጎቴና አያቴ ቆርቆሮውን አነሱት። ጉድጓዱ ሲከፈት ሁልጊዜ ፊት ላይ የሚመጣ ትኩስ ትንፋሽ አለ፤ ያኔ ነው ሁላችንም «እሰይ» የምንለው። ያን ጠዋት የመጣ ነገር የለም። አጎቴ የመጀመሪያውን ጆንያ ሳበ። አክስቴ ሽቦውን ፈታች፤ ቢላዋ አስገባች። ቆዳው ከአጥንቱ አልለቀቀም። ስጋው አመድማ ነው፤ ወደ ውስጥ ሲቆረጥ ቀይ ደም ወጣ። ሁለተኛውም ያው ነው፣ አምስተኛውም ያው ነው። አክስቴ ቢላዋውን ይዛ እንደቆመች ማልቀስ ጀመረች።

አያቴ መሰላል አስመጥቶ ወረደ። ሲወጣ በጭብጡ አመድ ይዞ ነበር። ጨበጠው፤ ጨመቀው። በጣቶቹ መካከል ጥቁር ነገር ተንጠባጠበ። ከዚያ የአጎቴን ጫማ አየ። እኔም እሱን ተከትዬ አየሁ፤ ጭቃው ደርቆ ነጭ ሆኗል። አጎቴ አንገቱን ደፋ። አያቴ «አባታችን ሆይ» ብሎ ለመጨረስ የሚበቃ ጊዜ ያህል በእጁ ያለውን አመድ አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ሚኔርቫ፣ ትናንት በሆድሽ የያዝሽው ነበር?»

እግዚአብሔር ነገረው አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ያልነገርኩትን ነገር፣ ያን ሁሉ ሰው ትቶ እኔን ብቻ መርጦ ሲጠይቀኝ!

«ነበር አባባ።»

«ታዲያ ለምን ዋሸሽኝ?»

በዚያ አመድ በነካው እጁ እጄን ይዞ ወደ በሩ ወሰደኝ።

«ወገኖቼ» አለ፣ «ስጋው አልበሰለም። ልጅቷ እናት አባቷ ስለሄዱባት ተናዳ ነበር። ደብቃን ኖሯል።»

ሰዉ ሁሉ ባንድ ላይ ተነፈሰ። ለምን፣ እንዴት ያለ ሰው የለም፤ በእኛ ሰፈር ይህ የሚገባ ምክንያት ነው። ዶኛ ክሬሴንሲያ ባዶ ድስቷን እንዳቀፈች ጎንበስ ብላ አየችኝ።

«ልጄ ነገ ወደ ጦርነቱ ይመለሳል» አለችኝ። «ምን በድዬሽ ነው?»

«እማማ፣ ተያት፤ ሕፃን ናት» አለ ሩቤን።

«ይቅርታ በያቸው» አለች አክስቴ ከኋላዬ። አልኩ። ዶኛ ክሬሴንሲያን ብቻ አይደለም፤ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ አንድ በአንድ እየዞርኩ ይቅርታ አልኩ። አንዳንዱ ጉንጬን ነካ አድርጎ አለፈኝ፤ አንዳንዱ ፊቱን አዞረ። ሽማግሌዎቹ ዓይን ሳይበሉ በመቅረታቸው እያጉረመረሙ ሄዱ። ስጨርስ አጎቴ ታቾ መጥቶ አነሳኝ። በመሐረቡ ፊቴን ጠረገልኝ። «በቃ የኔ ቆንጆ፣ በቃ፤ ማንም አይቆጣሽም፤ እኔ አለሁልሽ» አለኝ። አንገቱን አቅፌ በትከሻው ላይ አለቀስኩ። ዛሬ ያችን አንገቱን ያቀፈች ልጅ ሳስባት አንጀቴ ያርራል። ወደ ኋላ ተመልሼ ከትከሻው ላይ መንጭቄ ባወረድኳት!

ማክሰኞ ዕለት ከከተማው የመጣ ሰው ወረቀት ይዞ ጓሮውን ዞረ፤ ጥሬ ስጋ ሊሸጥ ነበር የሚል አቤቱታ ደርሶታል። ማን እንዳደረሰ አልተነገረም። አያቴ አልተከራከረም፤ ፈረመ። በዚያው በጋ ጉድጓዱን በስብርባሪ ጡብ አስሞላው። በጥቅምት እናቴና አባቴ ሲመለሱ እናቴ ከመኪናው እንደወረደች እኔን አልሳመችኝም። አክስቴ በደብዳቤ ነግራት ነበርና በቀጥታ ሄዳ አያቴ እግር ላይ ወደቀች። ይቅርታ የምትጠይቀው ስለ እኔ ነበር። ከዚያ ተነስታ «ምን አደረግሽን ሚኔርቫ?» አለችኝ። አያቴ «ተይው፣ አልፏል» አለ፤ ሲናገር ግን ወደ አጥሩ ነበር የሚያየው። እንዴት ያለ መሐሪ ሰው ነው አልኩ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሞተ። በቀብሩ ላይ አንዲት ሴት «የጉድጓዱ ቁጭት ነው የገደለው» ስትልና ወዲያው እኔን አይታ አፏን ስትይዝ ሰማሁ። ሩቤን ከጦርነቱ በደህና ተመልሶ፣ አግብቶ፣ ልጆች ወለደ። እናቱ ግን እስክትሞት ድረስ ሰላምታዬን አልተቀበለችም።

እኔ ከዚያ ወዲያ አልተናደድኩም። ማለቴ፣ ንዴት ሲመጣብኝ መዋጥ ቻልኩበት። ባሌ በሰው ፊት ሲሰድበኝ ሳቅሁ። ሃያ ዓመት የሠራሁበትን ቦታ እኔ ላስተማርኳት ልጅ ሲሰጧት ኬክ ጋግሬ ወሰድኩ። ልጄ ዳሊላ «እማዬ፣ አንቺ እኮ ሐሞት የለሽም» እያለች ነው ያደገችው። ድስት ተጥዶ እንፋሎቱ መነሳት ሲጀምር ደግሞ፣ በማንም ቤት ይሁን፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ተነስቼ ወጥቼ መንገድ ላይ እቆማለሁ። በዳሊላ ሠርግ ዋዜማ ሴቶቹ ታማሌ ሲያበስሉ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝናብ ላይ ቆሜያለሁ። ሙሽራው «እናትሽ ምን ሆና ነው?» ብሎ ጠየቃት። «ልማዷ ነው» አለችው።

አጎቴ ታቾ ባለፈው ጥቅምት በሰማንያ ስድስት ዓመቱ ሞተ። የቀብር አጀቡ አውራ ጎዳናውን ዘጋው፤ ከሂዩስተን ሳይቀር የምግብ ቤቱ ደንበኞች መጡ። እኔም አለቀስኩለት።

በታኅሣሥ፣ ለገና፣ አክስቴ ኦፌሊያ ቤት ታማሌ ለመሥራት ተሰበሰብን። አክስቴ ሰማንያ ስምንት ሞልቷታል፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ምላሷ ግን እንደድሮው ነው። እሷ፣ ዳሊላና እኔ ነበርን። ድስቱ ተጣደ፤ እንፋሎቱ መነሳት ጀመረ። ሹራቤን ይዤ ተነሳሁ።

«ወዴት ነው?» አለች አክስቴ።

«ወደ ውጭ ነዋ። እንደ ልማዴ።»

«ኧረ ተቀመጪ ወዲያ! በዚህ ብርድ! አንቺ አይደለሽም እኮ።»

ይህን ያለችው ጨው መደርደሪያው ላይ አለ እንደምትል ሁሉ ነው።

«ምኑን ነው ያልሆንኩት?»

«ያን የጉድጓዱን ነገር። ታቾ ነው። እኛ ጸሎት ላይ ሳለን የአትክልት ማጠጫውን ጎማ በቆርቆሮው ሥር አስገብቶ ውሃ ለቀቀበት። ነፍሱን ይማረውና።»

ዳሊላ ቅጠሉን እንደያዘች ቀረች።

«አንቺ መቼ አወቅሽ?» አልኳት።

«በሳምንቱ ነዋ። ጎማው የተጠቀለለው እኔ እንደምጠቀልለው አልነበረም። ታቾን ስይዘው አለቀሰና ነገረኝ።»

«አባባስ?»

«አባባማ አመዱን ሲጨብጥ ነው ያወቀው። ውሃ ነበራ የተንጠባጠበው! አንቺስ ቆመሽ እያየሽ አልነበር?»

«ታዲያ ለምን እኔን ጠየቀኝ?»

«ምን ያድርግ እንግዲህ?» አለች አክስቴ፤ እኔ ግራ የገባኝ ነገር እሷን ግራ አጋብቷት። «ያን ሁሉ ሰው ፊት ልጄ ነው ይበል? በድንጋይ ይወግሩት ነበር እኮ። ‹ወንድ ልጅ በሰፈሩ አንዴ ከተዋረደ አይነሳም፤ እሷ ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች› አለኝ። ደግሞ በግድግዳው በኩል ስታለቅሺ ሲሰማሽ ነው ያደረው። ከጠየቀሽ እንደምትናዘዢ ያውቃል።»

ትረሳዋለች። ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት ውሸቴን አላመነኝም ነበር። በሆዴ የያዝኩትን እያወቀ፣ እጁን አናቴ ላይ ጭኖ፣ «ደግ» ብሎ አለፈኝ። ያ ፍቅር ነበር፤ አሁንም ፍቅር ነበር እላለሁ። እሁድ ግን ያንኑ በፍቅር ያየውን ነገር አውጥቶ ለወረፋው ሸጠው። ታቾ ውሃ ለቀቀ፤ ሌባ ነው፣ የሌባ ሥራ ሠራ። አያቴ ግን እኔን ነው ጉድጓድ ውስጥ ጥሎ አፈር የመለሰብኝ። እናቴም እግሩ ላይ ስትወድቅ ቆሞ አየ።

«ሃምሳ ሦስት ዓመት!» አልኳት። ድምፄ የማን እንደሆነ አላወቅሁትም። «ሃምሳ ሦስት ዓመት ዝም አልሽኝ!»

«ታቾ በሕይወት እያለ እንዴት ብዬ? ዝም አይነቅዝም ይባል የለ።»

«ነቅዟል! እኔ ውስጥ ነቅዟል! ባሌ ሲሰድበኝ የሳቅሁት፣ ልጄ ሐሞት የለሽም ያለችኝ፣ እናቴ ሳትስመኝ ያለፈችው በዚህ ነው! አንቺ ደብዳቤውን ጽፈሽ፣ ከዚያ እውነቱን አውቀሽ፣ ሌላ ደብዳቤ መጻፍ አቃተሽ?»

«እማዬ» አለች ዳሊላ ቀስ ብላ። እንዲህ ስጮህ ሰምታኝ አታውቅም።

አክስቴ ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ድስቱን አየች። እንደገና ፊቴን አየች።

«ሚኔ» አለች በልመና፣ «እንዲህ ሆነሽማ… ታማሌው ገና አሁን መጣዱ ነው። ለትንሽ ጊዜ ወደ ውጭ ብትወጪልኝ?»

እግሬ ተነሳ። አምላክ ምስክሬ ነው፣ ያን ሁሉ ከሰማሁ በኋላ እንኳ እግሬ በልማዱ ተነስቶ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደ። እጄ በሩን ከያዘ በኋላ ነው የቆምኩት። ተመልሼ ወንበሬን ምድጃው አጠገብ፣ ከድስቱ ፊት ለፊት ጎትቼ ተቀመጥኩ።

«አልወጣም» አልኳት። «የኔን ንዴት የፈራ እሱ ይውጣ።»

አክስቴ ትንሽ ጠበቀች፤ የምቀልድ መስሏት ይሆናል። ከዚያ ሻርፗን ራሷ ላይ አሰረች፣ ከዘራዋን አነሳች፣ እያጉተመተመች ወጣች። በመስኮቱ በኩል ይታየን ነበር፤ በሩን አልፋ መንገዱ ዳር ሄዳ ቆመች። ነፋሱ ቀሚሷን እግሯ ላይ ይጠቀልለዋል።

«እማዬ፣ ብርድ ነው እኮ» አለች ዳሊላ። «አሮጊት ናት። ላስገባት?»

«ታማሌው ሲበስል ትገባለች» አልኳት።